የአንጎል መምህሩ የሕይወት ታሪክ እና በስማቸው የተሰጠ አንድ ዜሮ

ከአምስት ዓመት በፊት፣ ነገሩ ገና ፍንጭ ሲያሳይ መምህሩ ሐኪም ዘንድ ተወስደው ቢሆን ኖሮ ይህ ወረቀት ዛሬ ይነበብ ነበር ወይ? ወይስ እንዲያም ሆኖ ቀኑ አይቀርም ነበር? ሐኪሞች ተጠይቀዋል። አንዱ ትከሻውን ሰበቀ፤ አንዷ "እማማ፣ ይህን እያሰቡ ራስዎን አይጉዱ" አለች። ባለቤታቸው ግን ታስባለች፤ ስታስብ ነው ውላ የምታመሸው። መልሱን የሚያውቅ ካለ ከቀብር በኋላ ቀስ ብሎ ይንገራት። በዚህ ጽሑፍ ለባለቤታቸው አንቱታ አልገባም፤ ምክንያቱም ወደ ታች ሲነበብ ይገለጣል።

መምህሩ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ። እናታቸው ይናገሩ እንደ ነበረው አፋቸውን የፈቱት "ለምን?" በሚል ቃል ነው። አንድ ቀን አባታቸው ሚስማር ሲመቱ አጠገባቸው ተቀምጠው "አባዬ፣ እጅህን ምታ ብሎ የሚያዘው ማነው?" ብለው ጠየቁ። አባትየው መልሱን ሲያስቡ አውራ ጣታቸውን መቱ። ከዚያ ወዲያ ይህን ልጅ ቶሎ ትምህርት ቤት ማስገባት ለሁሉም እንደሚበጅ ቤተሰቡ ተስማማ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከፍተኛ ውጤት ጨርሰው የመምህራን ኮሌጅ ገቡ፤ ሥነ ልቦና አጥንተው በ1968 ዓ.ም. ተመረቁ። በዚያው ዓመት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድበው እስከ መጨረሻው ከዚያው ግቢ አልወጡም። ባለቤታቸውንም ያገኙት እዚያው ነው። እሷ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራ የትምህርት ቤቱ ታይፒስት ነበረች። የፈተና ጥያቄያቸውን ይዘው ሲመጡ ጽሑፋቸው ዶሮ የጫረችው ይመስል ስለ ነበር፣ እያንዳንዱን ፊደል እየጠየቀች ትጽፍ ነበር። ጥያቄው በዛና በ1970 ዓ.ም. ተጋቡ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ስለ አእምሮና ስለ አንጎል ሲያስተምሩ የትኛውም ተማሪ በመስኮት አይመለከትም ነበር። ትምህርት ቤቱ የአንጎል ቅርጽ ስላልነበረው ከአሮጌ ጋዜጣና ከዱቄት ሙጫ ራሳቸው ሠሩ፤ ባለቤታቸው በአራት ቀለም ቀባችው። ክብደቱ እውነተኛውን እንዲመስል ውስጡን አሸዋ ሞሉት። እያንዳንዱን ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ በሁለት እጁ እንዲይዘው ያደርጉ ነበር። "ያዘው፤ አትፍራ። እናትህን የምትወድበትም፣ ከወንድምህ የምትጣላበትም፣ ይህን ክፍለ ጊዜ የምትጠላበትም እዚሁ ውስጥ ነው" ይሉ ነበር። ስለዚህም ተማሪዎች "ጋሽ አንጎል" ብለው ሰየሟቸው። ስሙ ለባለቤታቸውም ተረፈ፤ አትክልት ሻጯ ሳትቀር "እትዬ አንጎል፣ ዛሬ ምን ልመዝንልዎ?" ትላት ነበር።

ፈተና ሲደርስ ሆዷን ለሚያማት ተማሪ የፍርሃት ደወል አንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚጮኽ በጠመኔ እየሣሉ አስረድተዋል፤ "ደወል ጮኸ ማለት እሳት ተነሣ ማለት አይደለም" ብለው። ያቺ ተማሪ ዛሬ የነርቭ ሐኪም ናት።

ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን በየዓመቱ ለአሥራ አንደኛ ክፍል በሚሰጡት አንድ ሥራ ነው። ተማሪው ከቤቱ አንድ ሰው መርጦ፣ ስሙን ሳይጠቅስ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይመለከታል፤ እንቅልፉን፣ ቁጣውን፣ የሚያስታውሰውንና የሚረሳውን ይጽፋል። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ "ያያችሁትን ጻፉ፤ የመሰላችሁን ለራሳችሁ ያዙት።" አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ ስለ አክስቱ ቁጡነት ጻፈ። አክስትየው ደብተሩን አግኝታ የመምህራንን ክፍል በር እየደበደበች "ማነው እኔን ቁጡ ያለው?" ብላ ጮኸች። መምህሩ ብድግ ብለው አስቀመጧት፣ ውሃ ሰጧት፤ ለተማሪውም አሥር ከአሥር ሞሉለት።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ርእሰ መምህሩ ግን የሚተካቸው አላገኘሁም ብሎ በኮንትራት አስቀራቸው።

ሕመማቸው የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ነው። ለሰው የተነገረው በ2015 ነው ተብሎ ነው፤ እውነት አይደለም። በመጀመሪያ ስም ጠርተው ሲጨርሱ እንደገና ከላይ ጀመሩ። የሰኞን ትምህርት ማክሰኞ ደገሙት፤ ተማሪዎቹ ክለሳ መስሏቸው ጻፉ። መነጽራቸው ከዳቦ መያዣው ውስጥ ተገኘ። ሁለት መቶ የፈተና ወረቀት ከፊታቸው ተቆልሎ፣ እስክሪብቶውን እንደያዙ ከመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሁለት ሰዓት ሲቀመጡ ባለቤታቸው አየች። "ደክሞህ ነው፤ አምጣው እስቲ" ብላ ከእጃቸው ወሰደች። ሠላሳ ዓመት ጥያቄያቸውን የጻፈች ሴት መልሱን ታውቀዋለች፤ የእጅ ጽሑፋቸውንም ከሳቸው በላይ ትችለዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቱን በስማቸው የምታርመው እሷ ሆነች። የመርሳት በሽታ ምልክቶችን በተርታ በታይፕ ስትመታ የኖረች ናትና አላወቀችም ማለት አይቻልም። አውቃለች። "የአንጎል መምህሩ አንጎሉ ከዳው" ሲባል መስማት ግን ሞት መሰላት።

በ2013 ዓ.ም. የሴት ልጃቸው የበኩር ልጅ እሳቸው የሚያስተምሩት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ያደገችው በዚሁ ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠረጴዛቸው ጎን ወንበር ስባ ትቀመጥ ነበር፤ እሳቸውም "ረዳቴ" ይሏታል። የዚያ ዓመት ወረቀቶች ሲመጡ የሷም ከመሃል ነበረ። "በቤታችን ያሉ አንድ ሰው" ብላ ጀምራ አሥራ አራት ቀን በተርታ ጽፋለች። አንድ ጥያቄ በአንድ ማለዳ አራት ጊዜ እንደ ጠየቁ። የቤቱን በር ትተው የጎረቤትን በር በቁልፋቸው እንደ ታገሉ። ሌላ ሰው ወረቀታቸውን እንደሚያርምላቸው እንኳ አይታለች፤ ማን እንደሆነ ግን አልጻፈችም። አንድም የመሰላትን የለበትም፤ ሁሉም ያየችው ነው። መጨረሻው ላይ "ቲቸር፣ እኚህን ሰው ቢያገኟቸው ምን ይመክሯቸዋል? በጣም ስለምወዳቸው ነው የምጠይቀው" ይላል።

ልጅቷ በአፏ መናገር ፈርታ፣ እሳቸው ራሳቸው እንዲያነቡትና በራሳቸው ዕውቀት እንዲደርሱበት ብላ ነው። ወረቀቱ ግን እሳቸው እጅ አልደረሰም። ባለቤታቸው ወጥ ቤት ተቀምጣ አነበበችው። ርእሰ መምህሩ የዓመቱን ምርጥ ሥራዎች ሰብስቦ እንደሚያይ ታውቃለች። ስለዚህ ቀዩን እስክሪብቶ አንሥታ፣ በሳቸው የእጅ ጽሑፍ፣ "ያላየሽውን ጽፈሻል። ውሸት ነው" ብላ ዜሮ ሰጠች። በዚያ ሥራ ዜሮ ያገኘች የመጀመሪያዋ ተማሪ ናት።

መምህሩ በማግስቱ ወረቀቱን ክፍል ውስጥ አደሉ። በላዩ ምን እንደ ተጻፈ አያውቁም፤ ለልጅቷም እንደ ሁሉም ፈገግ ብለው "ጎበዝ፣ በርቺ" ብለው ሰጧት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ልጅቷ የእጅ ጽሑፉን አይታ እሳቸው ራሳቸው ያረሙት መስሏት፣ ለእናቷ "አባባ ውሸታም አለኝ፤ እየሳቀ" ብላ አለቀሰች። ሥነ ልቦና እማራለሁ ስትል የኖረችው ወደ ሒሳብ ዞረች። ቤት ስትመጣም "ደኅና ዋላችሁ" ብላ ወደ ክፍሏ ትገባለች። እሳቸው በየቀኑ "ረዳቴ የት ሄደች?" ይላሉ። ባለቤታቸው በየቀኑ "ፈተና አለባት" ትላለች። አራት ዓመት ሙሉ የማያልቅ ፈተና።

በ2015 ዓ.ም. አርባ ሰባት ዓመት የተመላለሱበት መንገድ ጠፋቸው። የአውቶቡስ ሾፌር የቀድሞ ተማሪያቸው ሆኖ ከመጨረሻው ፌርማታ ይዟቸው መጣ። ያን ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ሐኪሟም ያቺ ሆዷን ያማት የነበረች ተማሪ ናት። ስትጠይቃቸው "ጥያቄውን አታጣድፊው፤ ታማሚው ይደነግጣል" ብለው አረሟት። ሰዓት እንዲሥሉ ወረቀት ስትሰጣቸው ግን አሥራ ሁለቱንም ቁጥር በአንድ ወገን ደረደሩት። ሐኪሟ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ባለቤታቸው ዞረችና "እማማ፣ ማዳን ባንችል እንኳ ቀስ እናደርገው ነበር። ቀድሞ ያስተዋለ ሰው አልነበረም?" አለች። ባለቤታቸው "አልነበረም" አለች። ይህ ሁለተኛው ውሸቷ ነው።

በመጨረሻው ዓመት የሰው ስም ሁሉ ከአፋቸው ጠፋ፤ የባለቤታቸውም ጭምር። "ረዳቴ" የሚለው ብቻ ቀረ። ያንን የጋዜጣ አንጎል ጭናቸው ላይ ይዘው ይውሉ ነበር፤ አሸዋው በስንጥቁ እየፈሰሰ ብርድ ልብሱ ላይ ይቀራል፤ ባለቤታቸው ታራግፋለች። መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ በሰባ አንድ ዓመታቸው በመኝታቸው አረፉ።

መምህሩ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት፣ የአምስት ልጆችም አያት ነበሩ። በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎቻቸውም ዛሬ ቆመዋል። እሳቸው ውሸታም ብለው የጻፉባት ተማሪ ግን አንዲትም የለችም፤ ይህ በሁሉ ፊት ይታወቅላቸው። ያስተማሩትን ሁሉ ፈጣሪ ይቁጠርላቸው፤ የረሱትን አይጠይቃቸው፤ ነፍሳቸውን ማንም ከማይጠፋበት ቤት ያግባልን።

ይህን ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኳ በፊት ጸሐፊዋ፣ ባለቤታቸው ራሷ፣ በቤታቸው ሳሎን ለቤተሰቡ አነበበችው። ወንድ ልጃቸው ገና እኩሌታው ላይ "እማዬ፣ ይሄ ይቅር። ሰው ምን ይላል?" አለ። ባለቤታቸው "ሰው ምን ይላል እያልኩ ነው እኮ እዚህ ያደረስኳችሁ" ብላ እስከ ታች አነበበች። ሴት ልጃቸው ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

የልጅ ልጃቸው ከመስኮቱ ሥር ቆማ ሰማች። ልጅቷ ከአራት ዓመት በፊት ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የጣለችውን ወረቀት ባለቤታቸው ያኔውኑ አውጥታ፣ ጨረማመቱን በእጇ አሽታ፣ ከመሳቢያ ሥር አኑራው ነበር፤ አሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ልጅቷ ቀረብ ብላ ዜሮውን አየችው። ከዚያ አያቷን አየች። ወረቀቱን አንሥታ አራት አጥፋ በኪሷ ከተተች፤ ጫማዋን አደረገች። ውጪ ብርድ ነበር፤ ሹራቧ ወንበሩ ላይ ነበር። ባለቤታቸው ሹራቡን ይዛ "ልጄ፣ ይበርድሻል" እያለች ስትነሣ፣ ልጅቷ ወጥታ በሩን ቀስ አድርጋ ከኋላዋ ዘጋችው።