ሰውዬው በሩን ሊያንኳኳ ሲል ስለጠፋው ፊልም

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጠዋት ማታ የስንቱን ጤና ሲጠብቁ የእርስዎን የሚጠይቅ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ሰግቼ ነው። ወንበርዎ ይመችዎ፣ የቢሮዎ መጋረጃ ፀሐይ አያስገባብዎ፣ የደም ግፊትዎም ይህን ደብዳቤ አንብበው እስኪጨርሱ ባለበት ይቆይልዎ።

እኔ በወንዶች የቀዶ ጥገና ክፍል፣ ከመስኮቱ ሁለተኛው አልጋ ላይ የተኛው ሰው ታናሽ እህትና አስታማሚ ነኝ። መተዳደሪያዬ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላውን በደል ስጽፍ ኖሬ የራሴን የምጽፍበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና፣ ዕድሉን ስለሰጡኝ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከማስታወቂያዎ ልጀምር።

በእርስዎ ፊርማ በየክፍሉ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ ለታካሚዎች መንፈስ መታደስ ሲባል አዲስ ቴሌቪዥን መገዛቱን ካበሰረ በኋላ፣ ታካሚዎችና አስታማሚዎች አስተሳሰብን የሚያነቃቁና ከልብ የሚወዷቸውን ፊልሞች በአስተያየት መስጫው ሳጥን በኩል እንዲጠቁሙ ይጋብዝ ነበር። እኔ ሞኟ አመንኩ። ያታለለኝ «ከልብ» የሚለው ቃል ነው። ተራ ነገር ቢሉን ኖሮ ተራ ነገር እንጠቁም ነበር፤ ከልብ ሲሉን ጊዜ ሦስት ምሽት አስቤ፣ ለጌቶች ከምጽፈው በተሻለ የእጅ ጽሑፍ፣ የምወዳቸውን ጽፌ ሳጥኑ ውስጥ ጨመርኩ። የደረሰብኝን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የሙያ ልማድ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አንደኛ። የመጀመሪያው ጥቆማዬ ጡረታ ስለወጣ አንድ ዳኛ ነበር። ሰውዬው ቤት መዋል አላስችለው ብሎ በየቀኑ የድሮ ችሎቱ ውስጥ ከተመልካች ጋር ተቀምጦ ይውላል። አንድ ቀን እሱ ራሱ ከዓመታት በፊት ከፈረደበት ጉዳይ ጋር ቁርጥ አንድ የሆነ ክርክር ይቀርብና አዲሱ ዳኛ በተቃራኒው ይፈርዳል። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሽማግሌው ኮፍያውን ረስቶ ይመለሳል። አዳራሹ ባዶ ነው። ኮፍያውን ያነሳና ወደ በሩ በመሄድ ፈንታ ተከሳሽ የሚቆምበት ቦታ ላይ ሄዶ ይቆማል። በቃ፣ ያልቃል። እኔ ይህን ፊልም ያየሁ ሰሞን «ትክክለኛ ፍርድ እንዲሰጠኝ» የምትለዋን የማመልከቻ መዝጊያ መጻፍ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። የተከበረው የፊልም ምርጫ ኮሚቴዎ ግን «ታካሚዎች ስለ ውሳኔ ሰጪዎች አላስፈላጊ ሐሳብ እንዲያድርባቸው ያደርጋል» ሲል መለሰልኝ። ኮሚቴው ፊልሙን በሚገባ ስለተረዳው ደስ ብሎኛል።

ሁለተኛ። ሁለተኛው ጥቆማዬ በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰኑ፣ ተያይተው ስለማያውቁ ሁለት ሴቶች ነው። አንደኛዋ ሌላኛዋ ስታንጎራጉር በግድግዳው በኩል እየሰማች ሥራዋን ትሠራለች። አንድ ቀን እንጉርጉሮው ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም ሴትዮዋ «ሄጄ ልጠይቃት? ምን አገባኝ?» እያለች ከራሷ ጋር የምትሟገትበት ዝምታ ነው። ይህን ካየሁ ወዲህ የጎረቤቴ የውኃ ድምፅ ሲጠፋብኝ ቁጭ ማለት አልችልም። ኮሚቴዎ ዝምታው ላይ ሲደርስ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሎት የጥገና ሠራተኛ አስጠራ። ሠራተኛው ድምፁን ሲፈልግ ፊልሙ አለቀ። ውሳኔውም «የድምፅ ጥራት ችግር አለበት» የሚል ሆነ። ኮሚቴውን አላማሁም፤ በዚህ ሆስፒታል ዝም ያለ ሰው እንደ ዳነ ነው የሚቆጠረው።

ከረጅም ውይይት በኋላ የጸደቀልን ፊልም በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚዋኙ ዓሦች ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ወዲያ ይሄዳሉ፣ ወዲህ ይመጣሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ከጎናችን የተኛው እግሩ የተሰበረ ሹፌር፣ «እነዚህም እንደኛ ተኝተው የሚታከሙ ናቸው መሰለኝ፣ እስካሁን ሐኪም ሲጎበኛቸው አላየሁም» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ፈጅቶታል። ስለዚህ ፊልሙ ለመንፈስ መታደስ አልረዳም ማለት አይቻልም።

ሦስተኛ። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መምጣቴ ነው፤ እስካሁን ያለው መቅድም ነበር።

ወንድሜ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሲኒማ ቤት በር ጠባቂ ነበር። ትኬት ይቀድዳል፣ ጨለማ ውስጥ በባትሪ እየመራ ሰው ያስቀምጣል። የዚህ ሥራ ጠባይ ምን መሰለዎ? በር ጠባቂ የፊልም መጀመሪያ አያይም፣ ያረፈደ ሁሉ የእሱ ዕዳ ነውና። መጨረሻም አያይም፣ ሕዝቡ ከመነሳቱ በፊት መውጫዎቹን ሄዶ መክፈት አለበትና። ወንድሜ በዚያ ሁሉ ዘመን ያየው መሐል መሐሉን ነው። እኔን በነፃ እያስገባ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ እኔ ከዳር እስከ ዳር ያየሁትን እሱ በመሐሉ ይወደዋል።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ስለ አንድ ቁልፍ ሠሪ የሚናገር ፊልም ነው። ሰውዬው ከልጁ ጋር ተጣልቶ «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ» ይለውና የቤቱን ቁልፍ ይቀይራል። ሲያረጅ አዲሱን ቁልፍ በእጁ ቀርጾ ሩቅ ወደሚኖረው ልጁ ይዞለት ይሄዳል። ፊልሙ መንገዱ ነው። ወንድሜ ሰውዬው የልጁን ቤት ደረጃ መውጣት እስኪጀምር ያየዋል፤ ከዚያ መውጫ በሮችን ሊከፍት ይሄዳል። ልጁ ይክፈትለት አይክፈትለት እስከ ዛሬ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። ልንገርህ ባልኩት ቁጥር «አፍሽን ዝጊ፣ በዓይኔ ነው የማየው» ይለኛል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል የሚሉት ሰዎች እሱን ያዩ ይመስለኛል።

ወንድሜም የራሱን ልጅ «ደጄን እንዳትረግጥ» ብሎ ካባረረው ስንት ዘመኑ! በምን እንደተጣሉ ቢጠየቁ ሁለቱም የሚሰጡት መልስ የተለያየ ነው፤ ኩርፊያው ግን አንድ ዓይነት ነው።

ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ፊልሙን የሥራ ባልደረባው በፍላሽ ገልብጦለት ነበር። ባለፈው ሳምንት ተረኛዋ ሲስተር ዓሦቹን አጥፍታ እሱን ከፈተችልን። ኮሚቴ ሳታስፈቅድ፣ በገዛ ርኅራኄዋ። ይመኑኝ፣ የክፍሉ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አቀና። ሹፌሩ እንኳ ቀልዱን ትቶ አንሶላውን በጥርሱ ይዞ ያነባ ነበር። ቁልፍ ሠሪው የመጨረሻውን ደረጃ ወጣ። በሩ ፊት ቆመ። ሊያንኳኳ እጁን አነሳ። ወንድሜ ከትራሱ ቀና አለ።

ያኔ ነው እርስዎ እንግዶችዎን አስከትለው የገቡት። «ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት? አጥፉት ይሄን ነገር!» አሉ። ጠፋ። ዓሦቹ ተመለሱ። ፍላሹ ወደ መሳቢያዎ፣ ሲስተር ወደ መድኃኒት መጋዘን ተላኩ። እንግዶችዎ ሕሙማን የሚያለቅሱበት ሆስፒታል አይተው እንዳይደነግጡ ስላደረጉት ጥንቃቄ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እርስዎ ግን ገደቡት።

የዚያን ቀን ማታ ወንድሜ «ስልክሽን አምጪ» አለኝ። የልጁን ቁጥር መምታት ጀምሮ መሐሉ ላይ ተወውና መለሰልኝ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ለዚያ ሰውዬ ይከፈትለት እንደሆነ ልይ» አለ። ጋሼ፣ ፊልም እኮ ነው አልኩት። «አውቃለሁ፤ ታዲያ ሌላ ማንን ልጠይቅ?» አለኝ። እኔ ለሰው ሁሉ ቃል የማቀብል ሴት፣ ወረቀት አውጥቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

ሰኞ ቀዶ ጥገና ይገባል። ሐኪሙ የመነሳቱን ነገር ስጠይቀው መስኮት መስኮቱን ነው ያየው። ስለዚህ በማመልከቻ ወግ ጥያቄዬን አሳጥሬ አቀርባለሁ፦ ፍላሹ ይመለስ፣ ሰውዬው የጀመረውን ደረጃ ይጨርስ፣ ሲስተርም ወደ ክፍሏ ትመለስ። አርባ ዓመት ለሰው በር ሲከፍት የኖረ ሰው አንዲት በር ስትከፈት ቢያይ ሆስፒታሉ አይጎዳም።

አንድ ተጨማሪ ጥቆማ አለኝ፤ ይህኛው ለታካሚዎች አይደለም። ፍላሹ በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነውና ቢሮዎን ዘግተው፣ እንግዳ በሌለበት፣ ብቻዎን ይዩት። መጨረሻውን አልነግርዎትም። ልጅ ካለዎት ግን ስልክዎን አጠገብዎ ያድርጉ።

ወንበርዎን ከነመደገፊያው፣ ፊርማዎን ከነማኅተሙ፣ ኮሚቴዎን ከነዝምታው እያከበርኩ፣ ከእግርዎ በታች ካለው ፎቅ ሆኜ እጅ እነሳለሁ።

የሁለተኛው አልጋ አስታማሚ

ግልባጭ፦
ለፊልም ምርጫ ኮሚቴ
ለመድኃኒት መጋዘን፣ ለሲስተር
ለዓሦቹ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስዎን መጠበቅ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ወንድሜን ሳልጠይቅ ለልጁ ደወልኩ፣ መጣም። የበር ጥበቃዎ «ለአንድ በሽተኛ አንድ የአስታማሚ ካርድ ነው የሚፈቀደው» ብሎ መለሰው። ደንብ ደንብ ነው፣ አላኮረፍኩም። ካርዴን ከአንገቴ አውልቄ በአንገቱ አጠለቅኩለትና እኔ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ከግቢዎ ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ልጁ አሁን ደረጃውን እየወጣ ነው፤ የዚህኛውን መጨረሻ እኔም አላውቀውም። ስለዚህ ከወንዶች ክፍል የልቅሶ ድምፅ ቢሰሙ ቴሌቪዥኑ አይደለምና ሪሞት ፍለጋ አይድከሙ።