ከክዳኑ ሥር የተጻፈው ስም

ውድ ናጊ፣

ሙት ወቃሽ አያርገኝ ብዬ አልጀምርም፤ ዛሬ የምወቅሰው ራሴን ነው።

ሰኞ ዕለት ሚስትህ ሳናእ ያንን የተቃጠለ ስቴሪዮ ታቅፋ ከትራም ወርዳ ሱቃችን መጣች። አዎ፣ አሁንም ሱቃችን ነው የምለው። «ኡስታ ራጊብ» አለችኝ በባለሙያነት ማዕረጌ፣ «አሥራ አንድ ዓመት አልጋችን ሥር ተቀምጧል። ልጆቹ ‹አባባ ያበላሸው› ነው የሚሉት። እሱ እንደሆነ ሞተ፤ እባክህ ሥራልኝና ይህ ስም ይነሳለት።»

ያን ቀን መቼም አትረሳውም። ዶክተር ሙኒር እኛ ዘንድ ያሠራውን ስቴሪዮ ይዞ «ገና ሰክቼ ሳበራው ጨሰ!» እያለ ገባ። አንተ ክዳኑን ከፈትክ፣ አየህ፣ መልሰህ ዘጋህ። «ሚካዋ ተረስታለች» አልክ፤ ትራንዚስተሩ ብረቱን እንዳይነካ ከመሃል የምትገባው ያቺ ስስ ቁራጭ። ማን እንደሠራው እንኳ ሳልጠይቅ ደንበኛው ፊት ጮህኩብህ። «ምን ጋረደህ? ይህን የሠራ እጅ ሁለተኛ መበየጃ እንዳይነካ!»

«እሺ» አልክ። መበየጃህን ነቅለህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክ። ለዶክተሩ የራስህን ስቴሪዮ ሰጥተህ የተቃጠለውን ይዘህ ወጣህ። ኩራቴ አስሮኝ አልተከተልኩህም። በየዓመቱ ለዒድ ስትደውልልኝ እንኳ ድምፄን አወፍር ነበር።

ማክሰኞ ዕቃውን አንተ እንዳስተማርከኝ በአምፖል በኩል ሰካሁት። አምፖሉ ቦግ አለ፤ ሾርት ነው። ካቻቢቴ አንስቼ ክዳኑን ፈታሁና ገለበጥኩት። የሠራ ሰው ስሙንና ቀኑን በእርሳስ የሚጽፍበት ቦታ ላይ «ትራንዚስተሮቹ ተቀየሩ። ራጊብ» ይላል። ቀኑ ልጄ ዩስራ የተወለደችበት ነው። ከሆስፒታል ተደውሎልኝ፣ ሳልሞክረው ጠርቅሜ የሮጥኩበት ቀን።

ጉድ በል ናጊ! አንብበኸው ነው የዘጋኸው። ምነው ክዳኑን አናቴ ላይ በሰበርከው!

ሚካዋን አስገባሁ፣ የተቃጠሉትን ቀየርኩ። በአምፖል ስሞክረው ብልጭ ብሎ ደበዘዘ፤ ሾርቱ ጠፍቷል። ሐሙስ ሳናእ መጣች፤ ሁለቱም ስፒከሮች ጥርት አድርገው ሲዘፍኑ ስትሰማ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። እዚያ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። እውነቴን ነው፣ አስቤም ነበር። ግን ክዳኑን አንስቼ ሰጠኋት።

ቀስ ብላ አነበበች። «ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«የቤታችን ሬዲዮ ሲበላሽ እንኳ ጎረቤት ነበር የሚሠራልን» አለች። «እጄን በእጁ ይዞ ‹አልችልበትም ሳናእ፣ ተይው› ይለኝ ነበር። እኔም አመንኩት።»

ብሎኖቹን ላነሳ ስል እጄን ያዘችኝ። «አትዝጋው። ልጆቼ ያንብቡት።» ስቴሪዮውን ታቅፋ፣ ክዳኑን በብብቷ ይዛ ሄደች።

ይቅርታ የምጠይቅበት ጊዜ አምልጦኛል፤ አጠገቤ እያለህ አልጠየቅኩህም። ከመሄዷ በፊት ከድሮው ጽሑፍ ሥር የጨመርኩትን እዚህም ልጻፍልህ፦

የተረሳችው ሚካ ገባች። ጥፋቱ የናጊ አልነበረም።

ራጊብ፣ እስክንድርያ