ስሟ ከዜናው ስለቀረው ስለ ወለተጊዮርጊስ

ቱቅባ፣ ኾበር
ሐምሌ 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ የሳምንታዊው ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የአላህ ሰላምና ጤና ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም የሰውን ድካም ለሚያሳጥረው ብዕርዎ ይብዛ እያልኩ፣ እኛ በዚህ በሳዑዲ ምሥራቃዊ ጠረፍ የምንገኝ ወገኖችዎ ከሙቀቱ በቀር ደህና መሆናችንን፣ ሙቀቱ የማያሰጋት አንዲት ብቻ መሆኗንና እሷም ከሚያዝያ ወር ጀምሮ በሆስፒታል ሬሳ ክፍል ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየቷን በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ።

አብዱሽኩር እባላለሁ። ሥራዬ ያገራችን ልጆች ለቤተሰብ የሚልኩትን ልብስና ዕቃ በካርቶን አሽጎ አገር ቤት ማድረስ ነው። በየቪላው ተቆልፈው ፖስታ መቀበል የማይችሉት ደብዳቤያቸው በእኔ ሣጥን ቁጥር ይመጣል፤ ማንበብ ለማይችሉትም ማዳም ስትተኛ በስልክ አነብላቸዋለሁ። የብዕር ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ሱቄን ስዘጋ የዋልኩበትን በደብተር የማስፈር ልማድ ስላለኝ፣ ከዚህ በታች የማቀርበው ሁሉ ቀኑ ተመዝግቦ ያለ ነው። የጋዜጣዎን ስም ያልጠቀስኩት ለስም ያለዎትን ጥንቃቄ ስለማውቅ ነው።

1ኛ. ሚያዝያ 8 ቀን ወለተጊዮርጊስ የተባለች የወገል ጤና ልጅ፣ ዐዚዚያ በተባለው ሰፈር ከምትሠራበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ወድቃ ሞተች። በፓስፖርቷ ላይ የተጻፈው ስም ሁመይራ ነው፤ ደላላው የእስላም ስም ያላት ልጅ ቪዛዋ ቶሎ ይወጣል ብሎ የሰጣት ነው። ስሙ የእኛ የሙስሊሞቹ ነው፣ መልካም ስምም ነው፤ ጉድለቱ የእሷ አለመሆኑ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ስለሆኑ፣ እኔም በካርቶኗ ላይ ለጉምሩኩ አንዱን፣ ለእናቷ ሌላውን ስም እጽፍ ነበር።

በሆስፒታል የራጅ ባለሙያ የነበረውና ለጋዜጣዎ ያለ ደመወዝ ይጽፍ የነበረው ከፈለኝ፣ ጉዳዩን ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ሁለቱንም ስሞች አስረድቶ አራት ገጽ ላከልዎ። በጎረቤት ቪላ የምትሠራ አንዲት ያገራችንን ልጅም አነጋግሯል፤ ገና በሕይወት ያለች ስለሆነ ስሟን አልጽፍም። ልጅቱ ልብስ ሲያሰጡ ከሰገነት ሰገነት ይነጋገሩ እንደነበርና የወለተጊዮርጊስ በር ለአምስት ወር ከውጭ ይቆለፍ እንደነበር ከነገረችው በኋላ፣ «የቤቱ ድመት ማንንም ሳታስፈቅድ ትወጣለች ትገባለች፤ እሷ ቆሻሻ ለመጣል እንኳ ማዳምን ታስፈቅዳለች። ምነው ድመት አድርጎ በፈጠረኝ እያለች ታስቀኝ ነበር» ብላዋለች። እርስዎ ይህን ሁሉ ወደ ሰባት መስመር አውርደው፣ «ሁመይራ የተባለች ኢትዮጵያዊት በድንገተኛ አደጋ ሕይወቷ አለፈ» በማለት ስለደመደሙት፣ የአንባቢን ጊዜ በመቆጠብዎ ያለኝን ምስጋና እገልጻለሁ። በሩም፣ ቁልፉም፣ ድመቷም ቦታ አልጠየቁም።

2ኛ. ከፈለኝ እውነተኛ ስሟ ለምን እንደቀረ በፋክስ ሲጠይቅዎ፣ ጋዜጣዎ የሚከተለው ሕጋዊ ሰነድን እንደሆነና ኪንሻሳ ላይ ጦርነት እያለ ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ገጽ መስጠት እንደማይቻል ጊዜዎን ሠውተው ስለመለሱለት እናመሰግናለን። ፋክሱ በሱቄ መሣሪያ ስለመጣ ቅጂው እጄ ላይ ነው። በእርግጥ በዚያ ሳምንት የኪንሻሳው ጦርነት ከነፎቶግራፉ ሙሉ ገጽ ይዞ ወጥቷል፤ ሊወጣም ይገባዋል። ነገር ግን እዚያ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ካሜራውን ይዞ ስለቆመ፣ እርስዎ ቢዘሉትም የሚጠፋ ነገር አልነበረም። ዐዚዚያ ካለው ሰገነት ሥር ግን ከከፈለኝ በቀር የቆመ የለም። ለወደፊቱ እንዳንሳሳት፣ ስንት ሆነን ስንሞት ገጽ እንደሚደርሰን ቁጥሩን ቢልኩልን፣ በአሁኑ አካሄዳችን ብዙ ሳንቆይ እንደምንሞላው ላረጋግጥልዎ እችላለሁ።

3ኛ. የሟቿን ስም ሲያስቀሩ የጸሐፊውን ስም ከነሙያውና ከነሚሠራበት ሆስፒታል አሟልተው በማተምዎ፣ ከፈለኝ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዝነኛ ሆኗል። ጋዜጣው እዚህ በደረሰ በዘጠነኛው ቀን የሆስፒታሉ አስተዳደር ጠርቶ «ኸላስ፣ በቃ» አለውና የመጨረሻ መውጫ ቪዛውን፣ ኹሩጁን፣ በእጁ ሰጠው። አሁን አገሩ ስለገባ ነው ስሙን በድፍረት የምጽፈው። ሊሰናበተኝ የመጣ ዕለት ሻንጣውን እያሰርኩለት፣ «ደመወዝ ለሌለው ሥራ ብለህ ደመወዝ ያለውን አጣህ፤ ነጋዴ ብትሆን ኖሮ ሱቅህን በርካሽ የምገዛው እኔ ነበርኩ» ብዬ ቀለድኩበት። እሱም ሳቀና፣ «ጋሽ አብዱሽኩር፣ ራጅ ሳነሳ አጥንቱ መሰበሩን እጽፋለሁ፤ ማን እንደሰበረው የሚጠይቅ ፎርም ግን የለንም። እዚያ ላይ ካቆምኩ ያየሁትም እኔ፣ የደበቅኩትም እኔ ነኝ» አለኝ። በዚያን ቀን በደብተሬ ላይ ከዚህ ሌላ የጻፍኩት የለም።

4ኛ. የዚህኛው ጥፋት ግማሹ የእኔ ነው። የእናቷን የወይዘሮ አሳየችን አድራሻ አውቅ ነበር። ይሁን እንጂ መርዶ በደብዳቤ አይላክም፣ በስልክም አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ደጅ ቆሞ ነው የሚያረዳው። በወገል ጤና ጋዜጣዎን ከደሴ እያስመጣ ለሰፈሩ ሰው የሚያነብ አንድ አስተማሪ እንዳለ ከደብዳቤዎቻቸው ስለማውቅ፣ ስሟን ሲያይ ሽማግሌ ይሰበስባል ብዬ አስልቼ ዝም አልኩ። በሃያ ዓመት የንግድ ሥራዬ እንዲህ ያለ ስሌት ተሳስቼ አላውቅም።

አስተማሪው አነበበ። ሰኔ 20 ቀን በሣጥኔ ለወለተጊዮርጊስ ደብዳቤ መጣ፤ የማነብላት ሰው ባትኖርም እንደ ልማዴ ከፈትኩት። ወይዘሮ አሳየች እንዲህ ሲሉ አስጽፈዋል፦

«ልጄ፣ ወሬሽ ከጠፋ ቆየ፤ ሥራ በዝቶባት ነው እያልኩ ልቤን አታልለዋለሁ። ሰሞኑን መምህሩ ጋዜጣ ሲያነቡ፣ እዚያው አንቺ ባለሽበት አገር ሁመይራ የምትባል ልጅ ሞተች ሲሉ ሰማሁ። አለቀስኩላት። እስላም ብትሆንስ የሰው ልጅ አይደለች። እናቷ እንዴት ትሆን። ሰፈሩ ቅርብሽ እንደሆነ አሠሪዎችሽን አስፈቅደሽ ለቅሶ ድረሺ፤ እናቷን እግዜር ያጥናት ብላለች እናቴ በይልኝ። በሰው አገር ለሰው ያልደረሰ፣ ለእሱም የሚደርስለት የለም።»

ክቡር ዋና አዘጋጅ፤ አቤቱታዬ እዚህ ላይ አበቃ፤ የቀረው ልመና ነው። ነጅሙዲን የተባለ ወዳጄ በሚቀጥለው ሳምንት ለዓመት ፈቃድ አገር ቤት ሲገባ፣ ሽማግሌ ይዞ መርዶውን እንዲያረዳ አደራ ብዬዋለሁ። ሆስፒታሉ ሬሳውን የሚያቆየው እስከ ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሁመይራ ስም እዚሁ ይቀበራል። እናቲቱ ልጄን ስጡኝ ለማለት፣ ሁመይራና ወለተጊዮርጊስ አንድ ሰው መሆናቸውን ለቀበሌው ማስረዳት አለባቸው። የእኔን ቃል የነጋዴ ወሬ ነው ይሉታል። የከፈለኝም አራት ገጽ ከመሳቢያዎ አልወጣም። ስለዚህ የምለምንዎ ሦስት መስመር እርማት ነው። እርስዎ ያተሙትን የሚጠራጠር የለም፤ ወይዘሮ አሳየችም አልተጠራጠሩም።

ይህ ደብዳቤዬ በመንገድ እንዳይጠፋ በመስጋት በመቶ ቅጂ አባዝቼ፣ በዚህ ሳምንት በአውሮፕላን በሚጫኑት ካርቶኖች ሁሉ ውስጥ ከላይኛው ልብስ ላይ አስቀምጫለሁ።

የብዕርዎን ሹልነት፣ ከብዕርዎም የመቀስዎን ሹልነት እያደነቅሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ብርጭቆ ለመጠቅለል ከጋዜጣዎ የተሻለ እስካሁን ያላገኘሁ ታማኝ ደንበኛዎ፣

አብዱሽኩር ነስሩ
የካርጎ ነጋዴ፣ ቱቅባ

በድጋሚ፦ ወይዘሮ አሳየች ያዘዙትን ለቅሶ ልጃቸው መድረስ ስላልቻለች፣ በእሷ ፋንታ እኔ ልድረስ ብዬ የሁመይራን ቤተሰብ ባፈላልግ፣ ስም አውጥቶ ከሸሸው ደላላ ሌላ ያገኘሁት እርስዎን ብቻ ነው። እርማቱ ካልወጣ ነጅሙዲን ወይዘሮዋን ለቅሶ ሊያስደርሳቸው ወደ ቢሮዎ ይዟቸው ይመጣል። ከወገል ጤና በአውቶቡስ የሚመጡ አሮጊት ናቸውና እባክዎ ወንበር ያዘጋጁላቸው።