ትርንጎ የጠበሰችልን የፍየል ጎድን

አዱዬ፣ የልጄ አባት፣

«እንደምን አለህ» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ቆመ። አንተ ካለህበት ሰላም እንጂ ሌላ እንደሌለ አምናለሁ፤ ስለዚህ የኛን ልንገርህ። ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። የከተማችን የገንዳ ውሃ ሙቀት ያው እንደምታውቀው ነው። ሰሊጡ መታጨድ ጀምሮ ነዶው እየቆመ ነው። ትራክተር በደጃችን ባለፈ ቁጥር ዛሬም አንተ የመጣህ እየመሰለኝ ቀና እላለሁ። የተከልከው ማንጎ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ። የቅመም ንግዴም ደህና ነው። ብዕር ያነሳሁት ግን ለዚህ አይደለም። ስለ ትርንጎ ልነግርህ ነው።

ሕመሙ ሲጠናብህ እጄን ይዘህ የጠየቅከኝን አልረሳሁም። «እኔስ ሄድኩ። አንቺም አንድ ቀን ትከተይኛለሽ። ያን ጊዜ ይቺን ልጅ ማን ያበላታል?» አልከኝ። ዓይኗ በኩፍኝ ከጠፋ ጀምሮ ልጅህን ደፋር አድርገህ ያሳደግካት አንተ ነህ። «የማታይ ልጅ ምን ትማራለች» ያሉህን ሁሉ ሳትሰማ፣ ጠዋት ጠዋት ትራክተሩ ላይ ከጎንህ አስቀምጠህ ትምህርት ቤት ያደረስካት፣ ኋላም ለዲግሪ ጎንደር ድረስ የላክሃት አንተ ነህ። እሳት ሲሆን ግን ወኔህ ይከዳህ ነበር። በልጅነቷ ምድጃ ላይ ወድቃ ክንዷ የተቃጠለ ዕለት፣ ማድ ቤት እንዳትደርስ ብለህ ቆረጥክ። እኔም ካንተ ብሼ እንጂ ተሽዬ አልነበርኩም። ተመርቃ ስትመለስ እንኳ ሻይ አፍልታ አታውቅም ነበር።

ባለፈው ክረምት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆና ኮኪት ተመደበች። ቤት ተከራይታ ብቻዋን እንደምትኖር ስትነግረኝ፣ ንግዴን ዘግቼ አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት።

«እማዬ፣ አንቺ አብረሽኝ ከመጣሽማ ከቤት አልወጣሁም ማለት ነው» አለችኝ።

ወንድምህ ጋሼ ሙላት ወሬውን ሰምተው ከሳንጃ መጡ። ታውቃቸው የለ፣ ገና ውሃ ሳይቀምሱ ጀመሩ። «ዓይን የሌላት ልጅ ብቻዋን በሰው አገር? ወንድሜ ቢኖር ይፈቅድ ነበር?» አሉ። ትርንጎ ግን ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ጋሼ፣ የሚያሰጋዎት ምኑ ነው? መንገዱን በዘንጌ እሄደዋለሁ። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ።»

«እሳቱ ነው» አሏት። «አባትሽ የሞተው ያንን እየፈራ ነው።»

«እንግዲያው የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ይምጡ። ራሴ ጠብሼ አበላዎታለሁ። ካልሆነልኝ እማዬ ትከተለኛለች፤ ከሆነልኝ ግን ብቻዬን እሄዳለሁ» አለች። ጋሼ ሳቁ፤ ግን እሺ አሉ።

ከዚያ ምን አደረገች መሰለህ? አብሯት የተማረ አንድ ልጅ ጎንደር ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። ደውላ አማከረችው። እሱም አንድ መጥበሻ በአውቶብስ ላከላት፤ ግሪል ይሉታል። «ሞክሪው፤ ካልተስማማሽ በመጣበት አውቶብስ መልሺው» ብሏታል። ዕቃው እንደ ሻንጣ ክዳን አለው። ነበልባል የለው፣ ጭስ የለው። በሽቦ የታሰረ ረጅም መርፌ አለው፤ መርፌው ሥጋው ውስጥ ይሰካና የውስጡን ሙቀት ለስልኳ ይልካል። ስልኳ ደግሞ በሴት ድምፅ ያነብላታል። በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ አንድም አይገባኝም፤ ስሟንም ስላላወቅኩ «ያቺ ሴትዮ» እላታለሁ።

መጀመሪያ ቀን ጾም ስለነበር ድንችና ሽንኩርት ሞከረች። ገና ሳይሞቅ ትርንጎ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ «የሚቃጠል ሽቦ ይሸታል» ብላ ሶኬቱን ነቀለችው። እኔ ምንም አላየሁም ነበር። ገመዱን በእጄ ስነካው ትኩስ ሆኗል፤ የተሰካበት ማከፋፈያ አልቻለውም። በማግስቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታ ከቆጣሪው ወፍራም ገመድ አስዘረጋች። ሌላም ችግር ነበረበት። የዕቃው ቁልፎች እንደ መስታወት ልሙጥ ስለሆኑ ጣት አይለያቸውም። የቁስል ፕላስተር በትንንሹ ቆርጣ ማብሪያው ላይ አንድ፣ መጨመሪያው ላይ ሁለት ለጠፈችበት። ልለጥፍልሽ ብላት እንቢ አለችኝ።

ጾሙ እንደተፈታ ዶሮ አደረገች። እሷ ጓዳ እቃ ስታጥብ እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ልቤ ዶሮው አረረ፣ ጥሬ ቀረ እያለ ሲያስቸግረኝ በእግር ጣቴ ተራምጄ ሄጄ ክዳኑን ገለጥ አደረግኩት። ያቺ ሴትዮ አንድ ነገር ተናገረች።

«እማዬ፣ ክዳኑን ክደኚው!» አለች ትርንጎ ከጓዳ።

«ማን ነገረሽ?»

«ሙቀቱ ወረደ ብላ ስልኬ ነገረችኝ።»

አዱዬ፣ በገዛ ቤቴ የሚያሳጣኝ ሰው መጣብኝ! እስኪያመኝ ሳቅኩ። ዶሮው ግን ደርቆ ነበር። እኔ ይጣፍጣል ብዬ ላጽናናት ስል እሷ አላምጣ ዋጠችና «ደርቋል፤ ቀደም ብሎ መውጣት ነበረበት» አለች። አላዘነችም፣ አልተናደደችም። በሚቀጥለው ቀን ሌላ አደረገች፤ ለሰለሰ። ከዚያ ወዲያ ዓሣም፣ በርበሬም፣ የበሬ ሥጋም እየቀያየረች ስትሞክር ሰነበተች። ትኩስ ዕቃ ስታነሳ አይቼ እንዳልጮህ አፌን በነጠላዬ የያዝኩበት ቀን ብዙ ነው።

ጋሼ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ወንበራቸውን ግሪሉ ፊት ለፊት አስጎትተው እንደ ፈታኝ ተቀመጡ። ትርንጎ የፍየል ጎድን በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ አሽታ አዘጋጅታለች። አጥንቱን በጣቷ እየፈለገች መርፌውን ከወፍራሙ ሥጋ ላይ ሰካች፤ ከደነች፤ አበራችው። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ጋሼ ምራቃቸውን ሲውጡ አየሁ። ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ፤ የመርፌውም ንባብ አብሮ ጠፋ።

«ይኸው!» አሉ ጋሼ ጉልበታቸውን መትተው። «ኮኪትስ መብራት አይጠፋም? ጥሬ ልትበላ ነው?»

እኔ ከሰል ላቀጣጥል ብድግ አልኩ።

«እማዬ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። ክዳኑን ሳትነካ መዳፏን ከላዩ ዘረጋች። «ትኩስ ነው። ካልተከፈተ ውስጡ ያለው ሙቀት ይጨርሰዋል። ጋሼ፣ እስከዚያ ቆሎ ይቅመሱ።»

ቆሎውን የነካ የለም። በሆዴ ማርያምን እለምናለሁ። ትርንጎ መደብ ላይ ተቀምጣ ስለ ሳንጃ ዝናብ ትጠይቃቸዋለች፤ እሳቸው በአንድ ቃል ይመልሳሉ። ጊዜው ሲበቃት ወፍራሙን ጓንት አጠለቀችና ከፈተች። በመቆንጠጫው ሥጋውን እዚህም እዚያም ጫን ጫን አደረገች፤ አንዱን ጎድን አንስታ አሸተተች። ከአጥንቱ ጥግ ቆረሰችና እጄ ላይ አኖረችው።

«ደም አለው እማዬ? እዪልኝ።»

«የለውም» አልኳት።

አዋዜ ጨምራ ለጋሼ አቀረበችላቸው። አንዱን በሉ። ሁለተኛውን በሉ። አጥንቱን አጽድተው ሲጨርሱ ሳህናቸውን ዘረጉና «ድገሚኝ እስቲ» አሏት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው «ወንድሜ ይህን ሳያይ ሄደ» አሉ፤ እኚያ ቆፍጣና ሰው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ወዲያው ደግሞ እንደ ልማዳቸው ቆጣ ብለው «ዕቃሽን ኮኪት የማደርሰው እኔ ነኝ። ቤቱንም ሳላየው እንዳትከራዪ!» አሉ። ቃላቸውን ጠበቁ፤ የበሩን መቀርቀሪያ ሳይቀር ራሳቸው ነው ያስጠገኑት።

ግሪሉንም አልመለሰችውም። ዕቃውን ለላከላት ጓደኛዋ በድምፅ ቀድታ፣ ጥሩ ያለችውን ጥሩ፣ መጥፎ ያለችውን መጥፎ ብላ ላከችለት። ቁልፎቹ በጣት የሚለዩ መሆን እንዳለባቸው፣ ገመዱ ወፍራም መስመር እንደሚፈልግ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ነገረችው። እሱ ለሌሎች ሲያሰማው እንደሷ የማያዩ ሰዎች ይደውሉላት ጀመር። አንዲት የጎንደር ሴት ከልጆቿ ተደብቃ መጥበስ እየተለማመደች ነው አሉ። ትርንጎ ታስረዳታለች፤ እኔ ዳር ሆኜ ስሰማ ደረቴ ይነፋል።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃት ኮኪት ሄድኩ። መኪናው ሰሊጥ ለማጨድ በመጣ ሠራተኛ ጢም ብሎ፣ ማጭድ በማጭድ ሆኖ ነበር። ወርጄ የትርንጎን ቤት አንዲት ሻይ ሻጭ ስጠይቃት ከተቀመጠችበት ተነስታ በእጇ አሳየችኝ። ቤቷ ንጹሕ ነው፤ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል። ሁለት አስተማሪ ጓደኞቿ ለምሳ መጥተው ነበር። አገልግል ቋጥሬ ሄጄ ነበርና ልከፍት ስል ከእጄ ተቀበለችኝ። «አረፍ በይ፤ ዛሬ እንግዳዬ ነሽ» ብላ ውሃ አምጥታ አስታጠበችኝ። ሕይወቴን ሙሉ ያጎረስኳት ልጄ አጎረሰችኝ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ታጥፎ ጉልበቴ ላይ ተቀመጠ። ማን ያበላታል ብለህ ነበር፤ ራሷን ችላ ሌላውንም እያበላች ነው፣ እፎይ በል።

በልተን ስንወጣ የሰፈሩ ሰው በየደጁ ሰላም ይላታል። «ቲቸር ትርንጎ አዳነ!» እያሉ ነው የሚጠሯት፤ እዚያው ሌላ ትርንጎ ስላለች በአባት ስም ይለዩዋታል። ኮኪት ላይ በትራክተር ስትመላለስ የሚያውቁህ ጥቂት ነበሩ፤ ዛሬ ግን ስምህን የማያነሳ የለም። እኔ በሕይወት እስካለሁ ሳላነሳህ የምቀመጥበት ማዕድ አይኖርም። እኔ ስደክም ደግሞ፣ እሷ ትርንጎ በተባለች ቁጥር አዳነ ይከተላል።

ባለቤትህ፣
ጥሩወርቅ