ደማቸው በረዶ የማይሠራ ዓሦች

ዓርብ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቁስቋም

ከትምህርት ቤት ተመልሼ ሰኞ የማስተምረውን ባዮሎጂ ጮክ ብዬ ስለማመድ፣ እማዬ አጠገቤ ጥጥ ትፈትል ነበር። የዋልታ ባሕር ዓሦች ደማቸው ውስጥ ልዩ ፕሮቲን አላቸው። ደማቸው ውስጥ ትንሽ የበረዶ ቅንጣት ብትገባ ፕሮቲኑ ይለጠፍባትና እንዳታድግ ያደርጋታል። ስለዚህ ከዜሮ በታች በቀዘቀዘ ባሕር ውስጥ እንኳ ይኖራሉ።

እማዬ መፍተሏን አቆመች።

«ሰው ይኼ ነገር የለውም?»

«የለውም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ወንድምሽ ውሃው ውስጥ ስንት ሰዓት ቆየ?»

ዳዊት አውሮፓ ለመግባት ወንዝ ሲሻገር በብርድ መሞቱን ጓደኛው የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ለእማዬ መኪና ገጭቶት ወዲያው አረፈ አልኳት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያመነችኝ መስሎኝ ነበር።

«ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ነሻ። ተኝተሽ ‹ዳዊት፣ ከውሃው ውጣ› ትያለሽ።»

ውሃው ውስጥ የቆየበት ሰዓት ረጅም ነበር። ጓደኛው ከወንዙ ማዶ ሆኖ ዳዊት ሲጣራ ይሰማው ነበር። የሚጠራው ደግሞ እማዬን ነበር። ይህን እንዴት ብዬ እነግራታለሁ?