በሳቅ ስለተከሰሰው የስፓኒሽ ክፍል

ለተከበሩ ሲ ምፈደል፣
የስፓኒሽ ቋንቋ ትምህርት ተቆጣጣሪ፣
ቴቱዋን

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የምሥራቁ ነፋስ ከተማችንን ሲያንገላታ በከረመበት በዚህ ወቅት ጉሮሮዎም ጉልበትዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በተለይ ጆሮዎ፣ የዛሬው ጉዳዬ ከእሱ ጋር ነውና።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ለዚህ የጋዜጣ ዓምድ አንባቢዎቼ አንድ ውርደቴን ላንሾካሹክ፤ እርስዎም ቢሰሙ ግድ የለኝም። ባለፈው ሳምንት ሻንጣ የሚጎትቱ ስፔናውያን ባልና ሚስት፣ ሁለቱም በዕድሜ የገፉ፣ ገበያ መሃል አስቁመው አንድ ነገር ጠየቁኝ። እኔ በትምህርት ቤት ዘመኔ በስፓኒሽ የተሸለምኩት፣ ግሱን በየጊዜው እያረባሁ እንደ ውሃ የማንቆረቁረው ሴት፣ ካሉት ውስጥ አንዲት ነገር አልያዝኩም። ማፈር ስለማልወድ ግን በሙሉ ልብ ዳገቱን አመለከትኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። የወንድሜ ልጅ ዊአም ክንዴን ቆንጥጣ «አክስቴ፣ ምን ነካሽ! አውቶቡስ ጣቢያ ነው እኮ የጠየቁሽ፤ ወደ መቃብሩ ላክሻቸው!» አለችና ተከትላቸው ሮጠች። ስትመልሳቸው ሦስቱም እየሳቁ ነበር። በማን እንደሚስቁ አልጠየቅሁም።

ይህች ዊአም አምና የስፓኒሽ ክፍለ ጊዜ ባለበት ጠዋት ሁሉ ቁርሷን የምታስመልስ ልጅ ነበረች። ሰሌዳ ፊት አቁመው ግስ አርቢ ሲሏት ጠመኔውን ጥላ ወደ ቦታዋ ትሸሽ ነበር። ዘንድሮ ግን ኡስታዛ ሲሃም ራጉን እጅ ገባች። ይህች መምህርት በስፓኒሽ ተረት ታወራለች፤ ሥዕል እየሳለች፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ያልገባቸውን በሌላ መንገድ እየደገመች። ልጆቹ ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ያንኑ የሚመስል ነገር ያነባሉ። አፍሽን ክፈቺ ብሎ የሚያስጨንቃቸው የለም፤ ማሰሮው ሲሞላ ራሱ ይፈሳል ባይ ናት። ዊአም አሁን የስፓኒሽ መጽሐፍ ይዛ አውቶቡስ ስትሳፈር ከመውረጃዋ ታልፋለች።

እንዲህ ባለው ሰዓት ነው እርስዎ ክፍሉን የጎበኙት። ዊአም እንደነገረችኝ፣ የሠሩልንን ውለታ ሁሉ በተራ ቁጥር አመሰግናለሁ።

፩. ስለ ሳቁ። ሲሃም ያን ቀን የምታወራው የሙሽራዋን ዓይነ ርግብ ስለበላች አህያ ነበር። ልጆቹ ወሬው ገና ሳያልቅ በሳቅ ፈነዱ። እርስዎም «ተማሪዎቹ ደጋግመው ስቀዋል፤ ሥርዓት የለም» ብለው ጻፉ። ክቡርነትዎ፣ በባዕድ ቋንቋ የተነገረ ቀልድ ገብቶት ከሚስቅ ልጅ የበለጠ ምን ማስረጃ ይቀርብልዎ? ባይገባቸው ኖሮ እንደ እኔ በትሕትና ፈገግ ብለው መቃብር ያመለክቱ ነበር።

፪. ስለ ዝምታው። ሳቁ ሲያበቃ ሁሉም መጽሐፍ መጽሐፋቸውን ይዘው ምንጣፉ ላይ በየትራሳቸው ተቀመጡ፣ ክፍሉም ጸጥ አለ። ይህም አስቆጣዎ። «ይሄ ክፍል ነው ወይስ የእንግዳ ሳሎን?» ብለው ትራሶቹን በሙሉ አስወጡ። ሲስቁ ጥፋት፣ ዝም ሲሉ ጥፋት። ምን ያድርጉ ታዲያ፣ እንደ እኛ ዘመን ያንኮራፉ?

፫. ስለ ዊአም። ከሁሉ መርጠው እሷን አስነሱና ግስ አርቢ አሏት። እንደ አምናው ወደ ቦታዋ ሸሸች። እርስዎም በጓደኞቿ ፊት «ይኸውላችሁ! ዓመቱን ሙሉ ተረት ሰምታ ሰምታ ዲዳ ሆናለች» አሉ። ለዚህኛው ምስጋና የለኝም። ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ቁርሷን አስመለሰች።

፬. ሲሃም ከፀደዩ ዕረፍት በኋላ መጋዘን ገብታ የመማሪያ መጻሕፍት እንድትቆጥር ወስነዋል፤ እርስዎ የሚመሩት ኮሚቴም ሐሙስ ያጸድቃል። አቧራ የሚያራግፍ ሰው ጠፍቶ እንደሆነ እኔ አለሁ። ሽልማቴን ይዤ እመጣለሁ።

«ፈተናው ግስ ይጠይቃል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይጠይቅ! እኔም ፈተናውን አልፌ ነበር፤ እነዚያን ሻንጣ ጎታች ሽማግሌዎች ይጠይቁልኝ።

አሁን ደግሞ፣ ሲ ምፈደል፣ ረስተውት እንደሆነ አንድ ነገር ላስታውስዎ። ጣሪያ ላይ አንቴናውን ወደ ባሕሩ አዙረን የስፔንን ቴሌቪዥን የምንስብበት ዘመን ነበር። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ምሽት ምሽት እኛ ቤት ይሰበሰባል። ከመካከላቸው አንድ ከሲታ ልጅ ለላ ኸዱጅ ከምትባለው እናቴ ትራስ ላይ አይነሳም ነበር። አፉን ከፍቶ ያያል፣ ይሰማል፤ ክረምቱን ሙሉ አንዲት የስፓኒሽ ቃል አልወጣውም። አባቴ «ይሄ ልጅ ምላስ የለውም እንዴ?» ሲል እናቴ ትኩስ ዳቦ እጁ ላይ እያስቀመጠች «ተወው፣ እየጠጣ ነው» ትለው ነበር። አንድ ምሽት የእግር ኳስ ጨዋታ ስናይ ግብ ጠባቂው ኳሷን በእግሮቹ መሃል ሲያሳልፋት፣ ያ ልጅ ብድግ ብሎ በስፓኒሽ እንዲህ ያለ ስድብ አዘነበበት፣ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። ያ ልጅ እርስዎ ነዎት። ማንም ግስ አርባ አላለዎትም።

እኔ ሴት ልጅ ነበርኩና በሩ ተዘግቶብኝ ኩሽና ሰርዲን እጠብስ ነበር። እናም እርስዎ በሲሃም መንገድ ተማሩ፣ እኔ እርስዎ ዛሬ በሚያዝዙት መንገድ ተማርኩ። እርስዎ ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ እኔ መንገደኛ መቃብር እልካለሁ። ለእርስዎ ተከፍቶ የነበረውን በር ዊአም ላይ የሚዘጉት በምን አንጀትዎ ነው?

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ ሐሙስ ከመፈረምዎ በፊት ወደ ክፍሉ ጎራ ብለው የዚያን ግብ ጠባቂ ታሪክ ለልጆቹ በስፓኒሽ እንዲያጫውቱልን ነው፤ ስድቡ ይቅር። ካልሳቁ ትራሶቹን እኔው በጀርባዬ ተሸክሜ መጋዘን አስገባቸዋለሁ። ከሳቁ ግን ሲሃም ከክፍሏ አትነቃነቅም፤ ዊአምንም ባዋረዷት ቦታ ቆመው ይቅርታ ይጠይቋታል።

ጆሮዎ እንደ ልጅነትዎ ይከፈት ዘንድ ዘወትር የምትማልድ፣ የአገር ግስ ተሸክማ አንዲት ጥያቄ መመለስ ያቃታት፣ የቀድሞ ጎረቤትዎና የዳቦዎ አቀባይ ልጅ፣

ዙሑር ሳላስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ሰላም ብላዎታለች። ሐሙስ ያንን ትራስ በብብቷ ይዛ አብራኝ ትመጣለች። «ስድቡን ረስቶት እንደሆነ እኔ አልረሳሁትም» ብላለች። ልጆቹ መሳቅ አለመሳቃቸውን ለአንባቢዎቼ በዚሁ ገጽ ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራለሁ፤ እናቴ ግን ለሰፈሩ ስታወራ እንደ እኔ ቁጥብ አይደለችም።