«ነፃ» በወጣው ቀበሌያችን ሴት ልጅ ስለ መውለዴ ለአቶ ሞላ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሞላ፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበርና የጎጂ ልማዶች አስወጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ማኅተሙ ደህና ናቸው? እኔም ልጄም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የጻፍሁት፣ ምስጋና ተደብቆ አይሰጥም ብዬ ነውና እንዳይቀየሙኝ።

፩. ከስምንት ወር በፊት ቀበሌያችን «ከሴት ልጅ ግርዛት ነፃ» መሆኑን ዳስ አስጥለው፣ ሰንጋ አሳርደው ስላወጁልን፣ ለገራዧ ለእማማ ጥጋቤም የምስክር ወረቀት ስለ ሰጡልን አመሰግናለሁ። በደጃቸው «የቀድሞዋ ገራዥ መኖሪያ ቤት» የሚል ሰሌዳ ስላስተከሉ ደግሞ ይበልጥ አመሰግናለሁ። ቀድሞ ከአንበሳሜ በኩል የሚመጣ እንግዳ ቤታቸውን ለማግኘት ሦስት መንደር ይጠይቅ ነበር፤ አሁን ማንበብ ብቻ ይበቃዋል።

፪. እንደሚያውቁት በታኅሣሥ ሴት ልጅ ወለድሁ። ሁለት ቀን ካማጥሁ በኋላ በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ ተወስጄ፣ የተገላገልሁት ደብረ ታቦር ሆስፒታል ነው። በሕፃንነቴ የተቆረጠው ቦታ ጠባሳ ስለሆነ አልለጠጥ ብሎ መቀደዱን፣ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰኝም በዚያ መሆኑን አዋላጇ ነገረችኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ነገር ግን እርስዎ በዳሱ ሥር ስለ ሴቶች ገላ ሁለት ሰዓት ሙሉ በድምፅ ማጉያ ስለ ተናገሩ፣ እኔ ሁለት መስመር ብጽፍ ነውር አይሆንብኝም ብዬ ነው።

ቤቴ ስገባ አማቴ እማማ ብዙነሽ ለስምንተኛው ቀን እማማ ጥጋቤን እንዳስጠሩ ሰማሁ። ባለቤቴ ፋሲል የሴት ነገር ነው ብሎ ወደ አውድማው ሄደ። እኔም በስድስተኛው ቀን፣ አራስ ከቤት አይወጣም የሚለውን ሁሉ ጥሼ፣ ጋቢ ተከናንቤ ቢሮዎ መጣሁ። እርስዎም ወንበር ሰጥተው በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ትርንጎ፣ ቀበሌው ነፃ ነው፤ ሪፖርቱም ዞን ደርሷል። የሌለ ነገር ክስ እንዴት ብዬ ልቀበል?» አሉኝ። ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ እንድመጣ፣ ያን ጊዜም ቢሆን የተፈጸመው ከአዋጁ በፊት ነው ብዬ እንድፈርም መከሩኝ። የስድስት ቀን ልጅ ከስምንት ወር በፊት እንዴት ትገረዛለች ብዬ ብጠይቅዎ፣ እሱን ኮሚቴው ያየዋል አሉ። እማማ ጥጋቤ የኮሚቴው አባል መሆናቸውንም የነገሩኝ እርስዎው ነዎት።

በሰባተኛው ቀን መምሬ አስናቀ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። አማቴ ነገሩ የሃይማኖት ነው ብለው ቢሟገቱ፣ መምሬ ግዝረት ለወንድ ሲጻፍ እንጂ ለሴት ሲጻፍ እንዳላዩ፣ የሴት ልጅ ሥርዓቷ በሰማንያ ቀኗ መጠመቅ እንደሆነ ነገሯቸው። ባለሱቋ ጎረቤታችን ነጅሚያም፣ በእነሱም በኩል ሼሁ ግዴታ አይደለም ማለታቸውን ጨመረች። አማቴ ሃይማኖቱን ተዉትና ያልተገረዘች ሴት ዕቃ ሰባሪ ትሆናለች አሉ። በቤታችን ያለን ሴቶች ሁላችንም የተገረዝን ነን፤ ጆሮው ያልተሰበረ እንስራ ግን አንድም የለንም። ይህን በአፌ አላልሁም።

፫. ክስ ስለማይቀበሉ ግብዣ ጻፍሁልዎ፤ «ነገ ጠዋት በቤቴ በማይኖረው ግርዛት ላይ በክብር እንግድነት እንዲገኙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ነጅሚያ ወስዳ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ፣ «ነፃ» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ለጠፈችው። የገበያ ቀን ስለነበር ሕዝቡ እየተሳሳቀ ሲያነበው ዋለ። እርስዎም በማግሥቱ ፀሐይ ሳትሞቅ፣ ሁለት ሚሊሻ አስከትለው፣ የቃለ ጉባኤ መዝገብ ይዘው ከተፍ አሉ።

እማማ ጥጋቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ምላጩ አጠገባቸው፣ ልጄ ጭናቸው ላይ ነበረች። እርስዎ ግን «ሁለት እናቶች ሕፃን ሲያጫውቱ ታይተዋል» ብለው ጻፉ፤ ምላጩንም «ጥፍር መቁረጫ» አሉት። ከዚያ ለመውጣት ቢነሡ ደጁ በሰው ስለ ተሞላ ተመልሰው ተቀመጡ። እማማ ጥጋቤ የምስክር ወረቀት በሰጣቸው ሰው ፊት መቁረጥ አፈሩ፤ ተነሥተው እንዳይሄዱም አማቴን ፈሩ። ጠላ ቀረበ። ዘንድሮ ውርጩ ባቄላውን እንዴት እንደጎዳው ተወራ። ልጄም በዚያው ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ያን ጊዜ ነው የደፈርሁት። አዋላጇ ያለችኝን፣ ስለ ጠባሳው፣ ስለ ደሙ፣ ልጂቱም ታፍና ልትቀር ጥቂት እንደቀራት፣ ለአማቴ አንድ በአንድ ነገርኋቸው። አማቴ ከባለቤቴ በፊት ሁለት ልጆች በምጥ ሞተውባቸዋል። የያዙትን የጠላ ዋንጫ መሬት አስቀመጡ። «ሁለቱን በእጄ ቀበርሁ» አሉ፤ «ምን አጥፍቼ ነው እያልሁ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰግድ ኖርሁ።» ተነሡና ልጄን ከእማማ ጥጋቤ ጭን አንሥተው ይዘዋት ጓዳ ገቡ።

እርስዎ ይህን አላዩም፤ ቃለ ጉባኤውን ለሚሊሻዎቹ እያስፈረሙ ነበር።

አሁን ልጄ በአዲሱ ሪፖርትዎ «በኮሚቴው ብርቱ ክትትል የዳነች» ተብላ መመዝገቧን ሰምቻለሁ። በነፃ ቀበሌ ውስጥ ከምን እንደዳነች ዞን እንዳይጠይቅዎ እጸልያለሁ።

ረጅም ዕድሜና የማይደርቅ ማኅተም እየተመኘሁልዎ፣ ውለታዎን እስከ ዕለተ ሞቴ ለሰው ሁሉ የምናገር፣
ታዛዥዎ ትርንጎ

ማሳሰቢያ፦ ከወንዙ ማዶ የምትኖረው ጓደኛዬ እመቤት ትናንት ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ስምንተኛ ቀኗ የፊታችን ማክሰኞ ነው። አማቴ በማለዳ ሄደው ደጃፉ ላይ እንደሚቀመጡ ነግረውኛል። እርስዎም ከመጡ ከኋላቸው ይቀመጡ፤ በሩ ጠባብ ነው።